«ስጸልይ ምንም አይሰማኝም፣ እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «አባ፣ ባህር ዳር ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው። ካምፓስ እያለሁ ግቢ ጉባኤ ነበርኩ፣ ያኔ ስጸልይ እንባዬ ይመጣ ነበር፣ እግዚአብሔር አጠገቤ የቆመ ይመስለኝ ነበር። አሁን አግብቼ የ3 ዓመት ወንድና የ7 ወር ሴት ልጅ አለኝ፣ ቀን ሱቅ እውላለሁ ማታ ትንሿ አታስተኛኝም። ካስቀደስኩ ቆየሁ፣ እንደ ድሮውም አልጾምም። ስጸልይ ቃሉ ካፌ ይወጣል ልቤ ግን የለም። ይወድሻል ሲሉኝ እሺ እላለሁ ግን ምንም አይሰማኝም። አንዷ ጓደኛዬ መተት ነው አለችኝ። በኃጢአቴ ትቶኝ ነው? እንደ ድሮው ቅርብ እንዲሆንልኝ ምን ላድርግ? እኔ ባዶ ሆኜስ ለልጆቼ ምን ላስተምር?»

ልጄ፣ ሕፃን ታቅፈሽ እንደምታነቢው ስለገባኝ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ የቀረውን ሲመችሽ ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ። እግዚአብሔር አልተወሽም። የራቀሽ ስሜቱ ነው፣ ስሜት ደግሞ በብዙ ነገር ይርቃል፣ በእንቅልፍ ማጣት ይርቃል በብቸኝነት ይርቃል በሀዘንና በፍርሃት ይርቃል፣ በኃጢአትም አዎ ይርቃል፣ ግን ሰዉ ቶሎ ብሎ እንደሚገምተው ሁሌ በኃጢአት አይደለም። ለንስሐ እኔ ጋ ከሚመጡት መሀል «አባ ደረቅኩ» የማይለኝ ጥቂት ነው፣ አብዛኞቹም ከድሮው የባሱ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ ደክሟቸው ነው።

ስሜት ዋጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። ያ የካምፓስ እንባ ስጦታ ነበር፣ እውነተኛ ነበር፣ ልጅነት ነው ብለሽ እንዳትንቂው። ግን የእግዚአብሔር ፍቅር የቆመው እንባሽ ላይ አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስ ሮሜ 5 ላይ ፍቅሩን በምን እንዳስረዳ ተመልከቺ፣ ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ ነው የሚለው። ገና ሳለን! ማንም ሳይጾም ማንም ሳያለቅስ ማንም ልቡ ሳይሞቅ ማለት ነው። የራስሽንም እዪው እስቲ፣ በ80 ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ምን ተሰማሽ? ውሃው ቀዝቅዞሽ አልቅሰሽ ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ሊሰማሽ፣ የሥላሴን ልጅነት ያገኘሽው ግን ያን ቀን ነው፣ ሜሮን የተቀባሽው ሥጋ ወደሙን የተቀበልሽው ያን ቀን ነው፣ አንድ ነገር ሳትረጂ። ትንሿ ልጅሽም ከጥቂት ወራት በፊት እንዲሁ ሆነችልሽ። እሷ እናቴ ትወደኛለች ብላ አስባ አታውቅም፣ አንቺ ግን ሌሊቱን ሙሉ ትነሺላታለሽ። ኢሳይያስ 49 ላይ «ሴት ከማኅፀንዋ ለተወለደው ልጅ እስከማትራራ ድረስ ሕፃንዋን ትረሳ ዘንድ ትችላለችን» ብሎ ይጠይቅና እሷ እንኳን ብትረሳ እኔ አልረሳሽም ይላል። ጥቅሱን ከግቢ ጉባኤ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፣ አሁን ግን ያኔ ያልነበረሽ እውቀት አለሽ፣ የምታጠባ ሴት ልጇን ለአንድ ሰአት መርሳት እንኳን እንዴት እንደሚያቅታት በሰውነትሽ ታውቂዋለሽ፣ ሱቅ ተቀምጠሽ ጡትሽ ሲሞላ ቤት ያለችው ትዝ ትልሻለች አይደል? እሱ ከዚህ በላይ ነኝ እያለሽ ነው።

አንድ ታሪክ አለ እንዳንቺ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምነግረው። ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አርጎ ወደኛ የላከልን የእስክንድርያው ፓትርያርክ፣ የአባ እንጦንስን ሕይወት ጽፎልናል። እንጦንስ በወጣትነቱ መቃብር ቤት ውስጥ ዘግቶ ሲጋደል አጋንንት ደብድበው እንደ ሞተ ሰው አርገው ጣሉት፣ እሱም ተኝቶ መጸለዩን አልተወም፣ በኋላ ከላይ ብርሃን ወረደና ሕመሙ ተወው። በዚህ ጊዜ እንጦንስ የመጀመሪያ ቃሉ ምስጋና ይሆናል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ እሱ ግን የጠየቀው አንቺ የጠየቅሽውን ነው፣ የት ነበርክ፣ ለምንስ ከመጀመሪያው አልተገለጥክልኝም? የመጣለትም መልስ እዚሁ ነበርኩ፣ ተጋድሎህን እያየሁ ነበር የሚል ነው። የመነኮሳት ሁሉ አባት የምንለው ሰው ነው ይሄን የጠየቀው፣ በመጠየቁም አልተነቀፈም። በጣም በከፋው ሰአቱ እግዚአብሔር እዛው ነበር፣ ለእንጦንስ ግን አልተሰማውም። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ ካመንሽ ግማሹ ሸክም ይወርድልሻል።

እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ደግሞ አንድ ልማድ አለን፣ ገዳማቱ ከዓይናችን አይጠፉም፣ ክብራን ገብርኤልን ከዳር ሆነን እናየዋለን፣ እና እግዚአብሔር ያለው እዛ ማዶ ነው፣ እዚህ ያለው ባጃጅና ገበያ ነው ብለን እናስባለን። ጀልባ ተሳፍሬ ዘጌ ሄጄ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ ልምጣ፣ ያኔ ይመለስልኛል ትያለሽ። ሂጂ፣ በረከት ነው፣ ከቻልሽ ባለቤትሽንና ልጆችሽንም ይዘሽ ሂጂ። ግን መነኮሳቱ ራሳቸው ስለዚህ ነገር ምን እንደጻፉ ልንገርሽ፣ መጽሐፈ መነኮሳት ብለን ከምንማራቸው አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ አባት ነው፣ ዓለምን ትቶ በብቸኝነት የኖረ ነው፣ እሱ ነፍስ አንዳንዴ በብርሃን አንዳንዴ በጨለማ እንደምታልፍ፣ ጨለማው ሲመጣ መደንገጥ እንደማይገባ፣ መድኃኒቱም ጸንቶ መቆየት እንደሆነ በሰፊው ያስተምራል። ሱቅ የማይከፍት ልጅ የማያጠባ ሰው ይሄ ከደረሰበት አንቺ ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል? እና እዛ ያሉት አባቶች የእኛ ጎረቤቶች ናቸው፣ ጸሎታቸው በሰአት የተወሰነ ነው ሞቃቸውም አልሞቃቸውም ደወሉ ሲደወል ይቆማሉ፣ ጥንካሬያቸው ያ ነው።

ስለ ካምፓሱ ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር አስቢልኝ። ያኔ ማታ ማታ ጉባኤ ነበር፣ መዝሙር በአንድ ድምፅ ነበር፣ አንዷ ስትጠፋ ሌላዋ ዶርም ድረስ ሄዳ ትጠራት ነበር፣ በጾም አብራችሁ ትበሉ ነበር፣ ሌሊት ተነስታችሁ አብራችሁ ታስቀድሱ ነበር። እግዚአብሔር አጠገቤ ነበር ስትይ እውነትሽን ነው፣ ግን የመጣልሽ በእነዛ ልጆች በኩልም ነበር። ከተመረቃችሁ በኋላ ተበተናችሁ፣ አንዷ አዲስ አበባ አንዷ ደብረ ማርቆስ አንዷ ውጭ፣ አንቺ ብቻሽን ቀረሽ። እና አሁን ብቻዬን ቆሜ ስጸልይ እንደዛ አልሆነልኝም እያልሽ ራስሽን ትከሻለሽ። ከእግዚአብሔር ራቅኩ ካልሽው ውስጥ ትልቁ ክፍል ከሰው መራቅ ነው ብዬ ነው የማስበው። ሰፈርሽ ውስጥ የጽዋ ማኅበር አይጠፋም፣ በወር አንዴ በመድኃኔዓለም ወይ በኪዳነ ምሕረት ወይ በሚካኤል የሚጠጣ፣ እናቶች ያሉበትን ፈልጊና ግቢ፣ ልጅሽን ይዘሽ ብትሄጂ ደስ ነው የሚላቸው። ከድሮዎቹ ጓደኞችሽ አንዷን ደግሞ ዛሬ ደውይላት፣ ቴሌግራም ላይ ሜሴጅ አትጻፊላት፣ ድምፅሽን ትስማ፣ እንዲህ ሆኛለሁ ጸልይልኝ በያት።

አሁን ወደ ሰውነትሽ ልምጣ፣ ይሄን የሚነግርሽ ካህን ብዙ ላይኖር ስለሚችል እዚህ ላይ ረዘም አርጌ እናገራለሁ። ነቢዩ ኤልያስ ከቀርሜሎስ ድል በኋላ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ምድረ በዳ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ስር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» አለ። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው። እግዚአብሔር ምን መለሰለት? አልገሠጸውም፣ እምነትህ የት ሄደ አላለውም፣ ስለ ኃጢአቱም አላነሳበትም። አስተኛው። ከዛ መልአክ ቀሰቀሰውና በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፣ በላ፣ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰውና ብላ አለው መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ። ኮሬብ ላይ ያ ቀጭን የዝምታ ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ አንቺ 7 ወር ሙሉ ሌሊት በቅጡ ሳትተኚ ቆይተሽ ልቤ ለጸሎት ሞተ ስትዪኝ የመጀመሪያው መንፈሳዊ ምክሬ ተኚ ነው። ባለቤትሽን በግልጽ ንገሪው፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት እንኳን ሕፃኗን እሱ ይያዛት፣ አጥብተሽ ስጪውና ተኚ፣ እናትሽ ወይ እህትሽ ቅርብ ካሉ ቅዳሜ ከሰአት ይምጡልሽ። ይሄን ስንፍና ነው የሚልሽ ካለ ኤልያስን ንገሪው።

ከዚህም ሌላ ጠይቂ ራስሽን። ይሄ ባዶነት ጸሎት ላይ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ነገር ላይ? ልጆችሽን ስታዪ ደስታ ይሰማሻል? ምግብ ይበላልሻል? ሕፃኗ ተኝታም አንቺ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ባልኖርኩ ብለሽ ታውቂያለሽ? ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ አብዛኛውን ቀን እንደዚህ ከሆንሽ ይሄ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ዲፕሬሽን ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው በአራስነት ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ደም ማነስም እንዲሁ ሰውን ያፈዛል ያደክማል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለው፣ ሄደሽ ታዪ፣ ማፈሪያ አይደለም እምነት ማጣትም አይደለም። ባልኖርኩ የሚለው ሐሳብ ካለ ደግሞ ነገ አትበዪ፣ ዛሬ ለባለቤትሽ ንገሪውና አብራችሁ ሂዱ። ጠበል እየጠጣሽ እየተጠመቅሽ መድኃኒትሽንም በሰአቱ ትወስጃለሽ፣ ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ቤተ ክርስቲያንን አያውቃትም፣ ሲራክ 38 ላይ ሐኪሙንም እግዚአብሔር ነው የፈጠረው ተብሎ ተጽፎልናል።

መተት ነው ያለችሽን ጓደኛሽን አትጣያት፣ ለአንቺ አስባ ነው፣ ግን ምክሯን አትቀበይ። አሁን በቲክቶክ ምናምን የደከመችን እናት ሁሉ መተት አለብሽ ዛር አለብሽ እያለ ብር የሚቀበል በዝቷል፣ ለዚህ ብሎ ስንት ሰው ወርቁን ሸጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያመኝ። የተጠመቅሽ ልጅ ነሽ፣ ቤትሽን በመስቀል እያማተብሽ ተኚ፣ ካህን ጠርተሽ ቤቱን ጠበል ይርጭልሽ፣ ለዚህ ብር የሚተምን ሰው ቤትሽ አይግባ።

ጾሙንና ቅዳሴውን በተመለከተ። ወልደሽ 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አልገባሽም፣ ከዛ ደግሞ ልጅቷ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ሱቁ ሕፃኑ ብርዱ እያለ መቅረቱ ልማድ ሆነ፣ ይሄ የብዙ እናቶች ታሪክ ነው። ለምታጠባ እናት ንስሐ አባቷ አይቶ ጾሙን የሚያቀልላት በሥርዓት ነው፣ ስለዚህ በራስሽ ፈርደሽ በልተሽ ከዛ በራስሽ ፈርደሽ ከምትከሰሺ ሄደሽ ጠይቂና በፈቃድ አርጊው፣ የታዘዝሽውን እየጾምሽ የተፈቀደልሽን ያለ ፀፀት ብዪ። ንስሐ አባት ከሌለሽ ያዢ። ስትሄጂም ኃጢአት ቆጥረሽ ለመጨረስ ብቻ አትሂጂ፣ ይሄን ድርቀትሽን ራሱን ንገሪያቸው፣ ስጸልይ ምንም አይሰማኝም በያቸው፣ አንቺ የመጀመሪያዋ አትሆኚም።

ዋናው ግን ቁርባን ነው ልጄ። እኛ ጋ የሚቆርቡት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው፣ በመሀል ያለው ጎልማሳ ሁሉ እኔ ብቁ አይደለሁም እያለ ከደጅ ቆሞ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው። ከዛ እግዚአብሔር ራቀኝ ይላል። ምጥው ለአንበሳ የምንለው ቅዱስ አግናጥዮስ፣ የአንጾኪያው ጳጳስ፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአንበሳ ሊሰጥ እየተወሰደ ለኤፌሶን ምእመናን በጻፈው መልእክት ቁርባንን ሞትን የሚያስቀር መድኃኒት ብሎ ጠርቶታል። መድኃኒት አለው እንጂ ለጤነኞች የሚሰጥ ሽልማት አላለውም። እና እግዚአብሔር ከዚህ በላይ እንዴት ይቅረብሽ? እንባው መጣም አልመጣም ሥጋውና ደሙ ውስጥሽ ይገባል፣ እኔ በእሱ እሱም በእኔ ይኖራል ብሎ ራሱ ዮሐንስ 6 ላይ ተናግሮታል። ትዳራችሁ በቁርባን ካልሆነ ይሄም መንገድ አለው፣ ባለቤትሽን አነጋግሪውና ሁለታችሁም አብራችሁ ንስሐ አባታችሁ ጋ ቅረቡ፣ ጊዜ ቢወስድም ጀምሩት።

አሁን ወደ ዕለት ዕለቱ። ካምፓስ እያለሽ አንድ ሁለት ንጉሥ ዳዊት (አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ነው) ትደግሚ ነበር ይሆናል፣ ውዳሴ ማርያሙን ሙሉ ታደርሺ ነበር፣ አሁን ያን ያህል ስላልቻልሽ ሁሉንም ተውሽው። ይሄ ነው የማልስማማበት። ትንሽ ያዢ ግን በሰአቱ ያዢ። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን 7 የጸሎት ጊዜ አላት፣ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ባለው መሠረት፣ ነግህ (ጠዋት)፣ 3 ሰአት፣ 6 ሰአት፣ 9 ሰአት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (መኝታ)፣ መንፈቀ ሌሊት። እኛ ደግሞ ሰአት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ስለሆነ የሱቅሽ ግድግዳ ላይ ያለው ሰአት 3 ሲል ሐዋርያት ላይ መንፈስ ቅዱስ የወረደበት 3 ሰአት ነው፣ 6 ሲል ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ምድር የጨለመችበት፣ 9 ሲል ነፍሱን የሰጠበት ሰአት ነው፣ ጴጥሮስና ዮሐንስም ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በ9 ሰአት ነው። ደንበኛ እያስተናገድሽም ቢሆን 3 ሰአት ሲሆን መንፈስ ቅዱስ ሆይ አትለየኝ በይ፣ 6 ሰአት ላይ ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ፣ 9 ሰአት ላይ በመንግሥትህ አስበኝ። አፍሽ ባይንቀሳቀስም ይቻላል፣ ማንም አያውቅብሽም። መንፈቀ ሌሊትን ደግሞ ልጅሽ ራሷ ነው የምትቀሰቅስሽ፣ ስታጠቢ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ እንቅልፍ መሀል ቢቆርጥሽም የደረስሽበት ድረስ ተቀባይነት አለው። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ የዓባይን ድልድይ ስትሻገሪ ደግሞ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺና ከዚህ ጫፍ እስከዛ ጫፍ ቀኑን አስረክቢው፣ ዛሬ የማገኘውን ሰው ሁሉ ባርክልኝ ብለሽ። ሌላ ሰው ሁሉ ወንዙን ያያል አንቺም እዪው፣ እሱም የሱ ነው።

የስልኩ ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ቀኑን ሙሉ ስብከት ከፍተሽ ትሰሪ ይሆናል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስብከት መስማት ጸሎት አይደለም። ስለ እሱ ሲወራ ትሰሚያለሽ እንጂ እሱን አታናግሪውም። ሱቁን ከመክፈትሽ በፊት ትንሽ ደቂቃ ሁሉንም አጥፍተሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

ስትጸልዪም ያልተሰማሽን እንደተሰማሽ አርገሽ አትጸልዪ። ዳዊትን ስንደግም ቶሎ ቶሎ ስለምንለው አናስተውለውም እንጂ መዝሙር 12 «አቤቱ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ 87ኛው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፣ ሌሎቹ ላይ እንዳለው በመጨረሻ ወደ ምስጋና አይመለስም። መንፈስ ቅዱስ እነዚህን ያጻፈልን እንዳንቺ ያለ ሰው የሚለው እንዳያጣ ነው። ጌታችንም በመስቀል ላይ አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ ብሎ 21ኛውን መዝሙር ነው የጸለየው። ስለዚህ እነዚህን ሦስቱን ውሰጂና በየተራ በቀን አንድ ብቻ ድገሚ፣ አንቺው ራስሽ እየተናገርሽው እንደሆነ። ከዛ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በክልላችን ላይ ስንት ነገር ደረሰ፣ አንቺ ባትጽፊውም ባህር ዳር እየኖረ ልቡ ያልተጎዳ ሰው የለም፣ መንገድ ሲዘጋ ሱቅ ሲዘጋ የሞተ ሰው ሲለቀስ። ጌዴዎን «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ከሆነ ይህ ሁሉ ነገር ለምን ደረሰብን» ብሎ መልአኩን ፊት ለፊት ጠይቆታል፣ አንቺም ጠይቂው፣ ይሰማሻል። ይሄን ሐዘን ሳታወጪ ይዘሽው ፍቅር ብቻ እንዲሰማኝ ካልሽ አስቸጋሪ ነው።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቀኑን ወደኋላ ተመልከቺና እሱ በየት በኩል እንደመጣ ፈልጊ። ትልቅ ነገር አትፈልጊ። ዱቤ የከፈለች ሴት፣ ልጅሽን የያዘልሽ ጎረቤት፣ ትኩሳቱ የለቀቀው ልጅ፣ ባለቤትሽ ያለ ጥያቄ ያመጣው ዳቦ። ተመስገን እንላለን እኮ ቀኑን ሙሉ፣ እንዴት ዋልሽ ሲሉን እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን፣ ማታ ላይ ግን ለየትኛው ነገር እንደሆነ ስም ሰጥተሽ በዪው። መጀመሪያ አካባቢ ይከብዳል፣ ምንም የለም ትያለሽ፣ ቆይተሽ ግን ዓይንሽ ይለምዳል። በሰጪ በኩል ደግሞ አንድ ነገር አርጊ፣ ከሱቅሽ ትንሽ ነገር ለማይችል ሰው። ዘጌ ሄደሽ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኖቹ ሥዕል ላይ በላዔ ሰብእን ታስታውሺው ይሆናል፣ ያን ሁሉ ሰው የገደለ ሰው ለተጠማ በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውሃ ናት የተቆጠረችለት። ምሕረት ሰበብ ፈልጋ ነው የምትመጣው። በኃጢአቴ ትቶኝ ነው ላልሽው መልሴ ይሄው ነው፣ ጥርኝ ውሃ የሚፈልግልሽ አምላክ ሊተውሽ ሰበብ አይፈልግም። የምታውቂው ኃጢአት ካለ፣ ለምሳሌ ከአማትሽ ጋር ወይ ከእህትሽ ጋር ሳትነጋገሩ ዓመት ሆኗችሁ ከሆነ፣ እሱን ንስሐ ግቢበት ታረቂ፣ ቂም ልብን እንደሚያደነድን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሌለ ግን ያልሠራሽውን ፍለጋ ራስሽን አታስጨንቂ።

እንባው ይመለሳል ወይ ትይኝ ይሆናል። ለብዙዎች ይመለሳል፣ ግን መቼ እንደሆነ ቀን አልሰጥሽም፣ ሲመለስም እንደ ካምፓሱ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ እናቶች የሚነግሩኝ ዝግ ያለ ነገር ነው፣ ሥራ መሀል ድንገት ሰላም እንደሚሰማቸው፣ ብቻቸውን እንዳልሆኑ እንደሚያውቁ። እስከዛ ሰአትሽን ጠብቂ።

ስለ ልጆችሽ። የ3 ዓመት ልጅ ትምህርት አይፈልግም፣ የሚያየውን ነው የሚወስደው። አንቺ ስታማትቢ ያማትባል። ማዕድ ስትባርኩ ባለቤትሽ ጮክ ብሎ ይባርክ፣ ልጁ አሜን ይበል። ማታ ሲተኛ ስሙን እየጠራሽ አምላኬ ልጄን ጠብቅልኝ ብለሽ ድምፅሽን ከፍ አርገሽ ጸልዪለት፣ የጎረቤቱን ልጅ ስምም ጨምሪበት። ሲያጠፋ እግዚአብሔር ይቀጣሃል አትበዪው፣ ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ ነው፣ ካደግን በኋላም ስንጸልይ የሚታየን አለንጋ የያዘ ነው፣ ምናልባት ያንቺም ፍርሃት ከዚህ ይሆናል። አንቺ ተቆጥተሽ ካበዛሽበት ደግሞ አጠፋሁ ይቅር በለኝ በዪው፣ ይቅርታ ምን እንደሆነ የሚማረው እዛ ነው። የሚመጣው እሁድ ሁለቱንም ይዘሻቸው ሂጂና አቁርቢያቸው፣ አንቺ ገና ዝግጅት ላይ ብትሆኚም እነሱ ይቀበሉ፣ ታቅፈሻቸው እስከዛ ድረስ ትቀርቢያለሽ። ትልቁን ከዋዜማው ንገሪው ጠዋት ምንም እንዳይበላ፣ ለትንሿ ደግሞ ጡት እስከ ስንት ሰአት መስጠት እንደምትችዪ ቅዳሜ ማታ ካህኑን ጠይቂ። ቅዳሴ መሀል ብታለቅስ ወደ ቅጽሩ ወጣ ብለሽ አባብያትና ተመለሺ፣ ሰው ቢገላምጥሽ ግድ አይስጥሽ፣ ድርገት ሲወርድ፣ ማለት ካህናቱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ለማቁረብ ሲወጡ፣ እንዳያመልጥሽ ብቻ ሰልፉ አካባቢ ሁኚ።